ደሴ ላይ ቤትን ያለ ብክነትና ያለ አደጋ ማሞቅ፦ ከቀዳዳ መድፈን እስከ ሂተርና ከሰል

ሰኔ ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ኅዳር ላይ ውርጩ ሲጀምር ደግሞ እንደገና፣ ከደሴ ሰዎች የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ «ሁለት ሺህ ዋት ሂተር ገዛን፣ ማታ ማታ እናበራዋለን፤ ቤቱ አይሞቅም፣ የሞላነው ካርድ ግን ወር አይደርስም። ምን እናድርግ?» አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሂተሩ አይደለም። የተከፈለበት ሙቀት በኮርኒሱ ስንጥቅ፣ በበሩ ሥርና በመስኮቱ ጠርዝ እየወጣ የጦሳን ተራራ ያሞቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ቀጥሎ ለክፍሉ የሚስማማው ሂተር ይመረጣል፣ ማብራቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ወስኑ

ክፍሉን የምታሞቁት በኤሌክትሪክ ነው ወይስ በእሳት? ሁለቱ በአንድ ክፍል አይሄዱም። ከዚህ በታች ያሉት የመድፈን ሥራዎች በሙሉ የተጻፉት በኤሌክትሪክ ብቻ ለሚሞቅ ክፍል ነው። በተደፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል ማስገባት፣ «ለትንሽ ጊዜ ነው» ተብሎም ቢሆን፣ ሰው ይገድላል። ድሮ በየስንጥቁ የሚገባው ነፋስ ቤቱን ያቀዘቅዝ ነበር፤ ከሰል የሚያነድደውን ሰው በሕይወት ያቆየው የነበረውም ያው ነፋስ ነው። ነፋሱን ስታቆሙ ከሰሉንም ከዚያ ክፍል አስወጡ፤ ለቡናም ቢሆን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

መጠኑ አራት በአራት ለሆነ፣ አንድ በርና አንድ ባለ ሁለት ክንፍ መስኮት ላለው ክፍል ነው።

- ጀርባው የሚጣበቅ የስፖንጅ ጥብጣብ፣ 12 ሜትር (6 ሜትር ለመስኮቱ፣ 5 ለበሩ፣ 1 ለትርፍ)
- አንድ ቱቦ ሲሊኮን፤ የመስታወቱ ስቱኮ ከረገፈ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ስቱኮ
- አንድ ሜትር ወፍራም ጨርቅ፣ የሚሞላበት ደረቅ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ
- ለኮርኒስ ስፌት የሚሆን ቁራጭ አቡጀዲና ኮላ
- ለጭቃ ቤት፦ ጭቃና የጤፍ ጭድ
- ወፍራም መጋረጃ፤ ባና ካለ ከመጋረጃ ይበልጣል
- የግድግዳ ቴርሞሜትር
- አንድ ፓኮ ሰንደልና ጠመኔ
- ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲበቃ ራሱ የሚያጠፋ፣ ሲበርድ የሚያበራ መቆጣጠሪያ) ያለው ሂተር

ደረጃ 1፦ ነፋሱ የሚገባበትን ፈልጉ

ነፋስ ያለበት ምሽት ምረጡ። በርና መስኮት ዝጉ፣ ሰንደል ለኩሱና ከመስኮቱ ጠርዝ፣ ከበሩ ሥር፣ ከኮርኒሱ ጥግ፣ ከአምፖል መያዣው ዙሪያና ከሶኬቶቹ አጠገብ ቀስ እያላችሁ አሳልፉት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ቦታው ደህና ነው፤ ከተጎተተ ወይም ከተበተነ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። መጋረጃውን አስቀድማችሁ አውርዱ፣ እሳት እንዳይነካው።

ይህን ሳያደርጉ ወደ መድፈን መግባት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው መስኮቱን ብቻ ይደፍናል፤ ምልክቱ የሚበዛው ግን ብዙውን ጊዜ ላይኛው ጥግ ላይ፣ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ደረጃ 2፦ ከላይ ጀምሩ

የሞቀ አየር ይቀልላል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ሙቀቱን ወዲያው ለሰማይ ያስረክበዋል፤ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት። ስለዚህ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ላይ ለትልቅ ሂተር የሚወጣ ገንዘብ መጀመሪያ ለኮርኒስ ይውል።

ኮርኒሱ የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ከሆነ ስፌቱ የተተረተረበትን ቦታ በአቡጀዲ ቁራጭና በኮላ ለጥፉ፤ ቁራጩ ከቀዳዳው በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ፣ አለበለዚያ ሲደርቅ ይላቀቃል። ቺፑድ ከሆነ መጋጠሚያውን በሲሊኮን ሙሉት። ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን ክፍተት በጭቃ ቤት በምርግ፣ በብሎኬት ቤት በሲሚንቶ ዝጉ።

ለምርጉ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን ተዉት፤ በየቀኑም አገላብጡት። ጭዱ እየለሰለሰ ከጭቃው ጋር ይያያዛል፣ ምርጉም ሲደርቅ አይሰነጠቅም። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእንጨቱ ይለያይና ያው ቀዳዳ ተመልሶ ይከፈታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙቀት ይይዛል ብላችሁ ኮርኒሱ ላይ ገለባ፣ ካርቶን ወይም ስፖንጅ አትከምሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦው የሚያልፈው በዚያው ነው፤ አንድ የላላ መጋጠሚያ ቢሞቅ እሳቱ የሚታየው ከእጅ ከወጣ በኋላ ነው።

ደረጃ 3፦ መስኮትና በር

የብረት መስኮት ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ የስፖንጅ ጥብጣቡን ክንፉ ከክፈፉ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያውን ለጥፉ። እርጥብ ወይም አቧራማ ብረት ላይ የተለጠፈ ጥብጣብ ክረምቱን አያልፍም። ከለጠፋችሁ በኋላ ወረቀት አስገብታችሁ መስኮቱን ዝጉና ወረቀቱን ሳቡ፦ በቀላሉ ከወጣ ጥብጣቡ ቀጭን ነው፣ መስኮቱ አልዘጋ ካለ ደግሞ ወፍራም ነው። መስታወቱ ሲነካ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ስቱኮው ረግፏልና አድሱት።

ለበሩ የተገዛውን ጥብጣብም በበሩ ክፈፍ ዙሪያ እንዲሁ ለጥፉ። ለበሩ ሥር ከጨርቁ የበሩን ስፋት ያህል ርዝመት፣ የክንድ ያህል ውፍረት ያለው ከረጢት ስፉና አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ሙሉት። አሸዋው ይሻላል፤ ነፋስ አይገፋውም። ማታ ከተሰበሰባችሁ በኋላ በሩ ሥር አጋድሙት።

መጋረጃው ወለል ድረስ ይውረድ፣ በጎንም ከመስኮቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። መስኮቱ ላይ የሚቀዘቅዘው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይፈስሳል፤ አጭር መጋረጃ ሥር አልፎ በእግራችሁ ላይ የሚሄደው ብርድ ያ ነው። በበጋ ቀን ቀን መጋረጃውን ግለጡ፣ በተለይ በደቡብ በኩል ያለውን፤ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታደላ በዚያ መስኮት ገብታ ወለሉን በነፃ ታሞቅላችኋለች። ፀሐይዋ ከጦሳ ጀርባ ስትገባ ወዲያው ዝጉ። ደሴ ላይ ይህ ከሰዓቱ ቀደም ይላል፣ ብርዱም አብሮ ይወርዳል፤ እስኪጨልም አትጠብቁ።

ደረጃ 4፦ እርጥበቱን አስወጡ

በክረምት የደሴ ቤት ጠላቱ ጉሙና እርጥበቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ሳያውቁት የሚከፍሉት ወጪ አለ፦ የታጠበ ልብስ ሂተር ባለበት ክፍል ማስጣት። አንድ ሊትር ውሃ ከልብስ ተንኖ እንዲወጣ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይወስዳል። በደንብ ያልተጨመቀ የቤተሰብ ልብስ ሦስት ሊትር ውሃ ቢይዝ፣ ባለ 2000 ዋት ሂተር በአንድ ሰዓት የሚሰጠውን ሙቀት ልብሱ ብቻውን ይበላዋል። የተነነው ውሃ ደግሞ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ተመልሶ ይንጠባጠብና ሻጋታ ያበቅላል። ልብሱ በረንዳ ላይ ወይም በማይሞቅ ክፍል ይሰጣ።

ጠዋት ጠዋት፣ ሂተሩ ከጠፋ በኋላ፣ በርና መስኮቱን ለ10 ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ሌሊት ከትንፋሽ የወጣው እርጥበትና የተቃጠለው አየር ይወጣል። ግድግዳውና ዕቃው የያዘው ሙቀት በ10 ደቂቃ አይጠፋም፤ ቀኑን ሙሉ በትንሹ ገርበብ አድርጎ መተው ግን ግድግዳውን ራሱን ያቀዘቅዘዋል።

ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ምንጣፍ፣ እግር በሚያርፍበት ደግሞ አጎዛ አንጥፉ። እግር ሲሞቅ ሰው ቴርሞሜትሩ ሁለት ዲግሪ ዝቅ ቢል አይታወቀውም።

ደረጃ 5፦ ሂተሩን ምረጡ

ሱቅ ውስጥ «ይኼኛው መብራት አይበላም» ይባላል። ትክክል አይደለም። 1000 ዋት የተጻፈበት ማንኛውም ሂተር በአንድ ሰዓት 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፣ ያንኑ ያህል ሙቀትም ይሰጣል። ልዩነቱ ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ነው።

ባለ ቀይ ዘንጉ ሂተር የሚያሞቀው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው እንጂ አየሩን አይደለም። ኮርኒስ ለሌለው ወይም በደንብ ላልተደፈነ ክፍል፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ለሚያጠናበት ወይም ለሚሠራበት ቦታ እሱ ያዋጣል፤ አንዱን ዘንግ ብቻ፣ 400 ዋት አካባቢ፣ ወደ እግር አዙሮ ማብራት ክፍሉን በሙሉ በ2000 ዋት ከማሞቅ በብዙ ይረክሳል። ነፋሽ ያለው ቶሎ ያሞቃል፣ ሲጠፋም ቶሎ ይበርዳል፤ ጠዋት ለ15 ደቂቃ ልጆች ልብስ ሲለብሱ ይጠቅማል። ዘይት ያለበት ራዲያተር ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ነገር ግን የሚፋም ነገር ስለሌለው፣ መብራት ከሄደም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሙቀት ስለሚሰጥ ለመኝታ ቤት ከሦስቱ የሚመረጠው እሱ ነው።

ለመጠኑ፣ ኮርኒስ ላለውና ለተደፈነ ክፍል በአንድ ካሬ ሜትር 100 ዋት አስሉ። አራት በአራት 16 ካሬ ነው፣ ስለዚህ 1500 ወይም 2000 ዋት ይበቃል። ቴርሞስታት የሌለውን ሂተር ግን ርካሽም ቢሆን አትግዙ፤ በዋጋ የተረፈውን በአንድ ክረምት በቆጣሪው መልሶ ይወስድባችኋል።

ደረጃ 6፦ ሽቦውን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። 2000 ዋት በ220 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ ይስባል፣ ለሰዓታትም ያለ ዕረፍት ይስባል። ቴሌቪዥንና ስልክ የሚችል ሽቦ ይህን ላይችል ይችላል።

ሀ. ሂተሩ የሚሰካበት ሶኬት በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የተዘረጋና የራሱ 16 አምፔር ብሬከር ያለው ይሁን። ለአምፖል የተዘረጋ 1.5 ሽቦ ላይ የተቀጠለ ሶኬት ለሂተር አይሆንም። ካላወቃችሁ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስከፍታችሁ እዩ።

ለ. በዲቫይደር አትሰኩ። የአብዛኛው ዲቫይደር የውስጥ ሽቦ ቀጭን ነው፤ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ምንጣፍ ሥር ከሆነ ደግሞ ያቀጣጥላል። ለፍሪጅ በተገዛ ስታቢላይዘርም አትሰኩ፤ አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከሂተሩ ያነሰ ነው።

ሐ. ካበራችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ አጥፉና ስፒናውን ንኩት። ለብ ማለቱ ደህና ነው። በእጅ የማይያዝ ከሆነ ወይም ሶኬቱ ከጠቆረ ውስጡ ላልቷል፤ ሶኬቱ ሳይቀየር ዳግም አትሰኩ።

መ. እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሂተር አይበራ። ምጣዱ 3500 ዋት ቢሆን ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ሂተሩ ሲጨመር 25 ይደርሳል። ብሬከሩ ቢወድቅ ደግ ነው። ብሬከሩ እየወደቀ ስላስቸገረ በትልቅ መቀየር ግን ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው።

ደረጃ 7፦ ቦታ ስጡት

ከአልጋ፣ ከመጋረጃ፣ ከሶፋና ከአልባሳት ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ወለል ላይ፣ በማይነቃነቅ ቦታ ይቁም፤ ጠረጴዛ ላይ አይሰቀል። ባለ ቀይ ዘንጉን ፊቱን ወደ ሰዎቹ፣ ነፋሹን ወደ ክፍሉ መሐል አዙሩት። ከሶፋ ጀርባ የተደበቀ ሂተር የሚያሞቀው ሶፋውን ነው። ጋቢም ሆነ የልጅ ልብስ አትስጡበት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሂተር ጨርሶ አይገባም፤ እርጥብ እጅና 220 ቮልት አብረው አይሆኑም።

ደረጃ 8፦ አሠራሩ

1. ቤተሰቡ ማታ የሚሰበሰብበትን አንድ ክፍል ምረጡ፤ የሌሎቹን በር ዝጉ። ሁለት ክፍል በግማሽ ከማሞቅ አንዱን በደንብ ማሞቅ ይረክሳል።
2. ቴርሞሜትሩን ከሂተሩ ርቆ፣ ወደ ውጭ በማያዋስን ግድግዳ ላይ፣ ሰው ሲቀመጥ ራሱ በሚደርስበት ከፍታ ስቀሉት።
3. ከመሰብሰባችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አብሩ፣ ቴርሞስታቱንም እስከ መጨረሻው አዙሩት።
4. ቴርሞሜትሩ 18 ሲደርስ ቴርሞስታቱን ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ መልሱት። «ቀጭ» ሲል አቁሙ። ያንን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ከዚህ በኋላ ሂተሩ 18 ላይ ሲደርስ ራሱ ይጠፋል፣ ሲበርድ ራሱ ይበራል። በሚቀጥለው ቀን ምልክቱ ላይ ማድረግ ብቻ ነው።
5. ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አጥፉ። ግድግዳውና ዕቃው የያዘው ሙቀት እስክትተኙ ያደርሳችኋል።

ለምን 18? የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ በትንሹ የሚመክረው 18 ዲግሪ ነው። ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ካለ 20 አድርጉት። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ዲግሪ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ቤት የሚያጣው ሙቀት በውስጥና በውጭ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ውጭው 8 ዲግሪ ቢሆን፣ ውስጡን 22 ማድረግ የ14 ዲግሪ ልዩነት ነው፤ 18 ማድረግ የ10። ጋቢ ደርቦ በ18 የሚቀመጥ ቤተሰብ ከሩብ በላይ ወጪ ይቀንሳል።

መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ወዲያው ንቀሉ። ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ብርድ ልብስ የወደቀበት ሂተር በራሱ ሲበራ ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል።

ለመኝታ ከሂተር የሚሻል ነገር አለ፦ የላስቲክ የውሃ ከረጢት። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ አሙቆ አልጋ ውስጥ ማስገባት የሚፈጀው ኃይል ባለ 2000 ዋት ሂተር ለአራት ደቂቃ እንኳ ቢበራ ከሚበላው ያንሳል፤ ሙቀቱ ግን ለሰዓታት ከገላ ጋር ይቆያል። ውሃው የፈላ አይሁን፣ ከረጢቱን በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ለሕፃን አትጠቀሙበት። የሃይላንድ ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም፤ ሙቅ ውሃ ሲገባበት ይጨማደዳል፣ ክዳኑም ይለቅቃል።

ደረጃ 9፦ ቆጣሪው ላይ አረጋግጡ

ፍሪጅና ሌላውን ሁሉ ለአንድ ሰዓት አጥፉ፣ ቆጣሪውን አንብቡ፣ ሂተሩን ብቻ አብርታችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና አንብቡ። ክፍሉ ሞቆ ቴርሞስታቱ ማጥፋትና ማብራት ከጀመረ በኋላ ሌላ አንድ ሰዓት ለኩ። የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 1 ገደማ ከመጣ ጥሩ ደፍናችኋል፦ በቀን አራት ሰዓት ሲበራ በወር ወደ 120 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሁለተኛውም ሰዓት 2 ከሆነ ሂተሩ ለአፍታም አላረፈም፤ በወር 240 ይሆናል። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና ሰንደሉን ለኩሱ። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱን ዋጋም ከፍ ስለሚያደርግ፣ እጥፍ መጠቀም ከእጥፍ በላይ ያስከፍላል።

ማታ ማታ ሂተሩ «ደከመ» ብላችሁ ለጥገና ከመውሰዳችሁ በፊት የመብራቱን ኃይል አስለኩ። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ሰዓት ኃይሉ ወደ 180 ቮልት ቢወርድ፣ ባለ 2000 ዋቱ ሂተር የሚሰጠው ወደ 1340 ዋት ብቻ ነው። ሂተሩ ጤነኛ ነው።

ከሰል ግድ ሲሆን

መብራት የሚጠፋበት ሌሊት አለ፣ ሂተር መግዛት የማይችልም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከሰልን «አትጠቀሙ» ብሎ ማለፍ ማንንም አያድንም። በትክክል የሚገድለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፣ አያስልም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከመጀመሪያውም ስስ ነው፤ የሚባክን ኦክስጅን የለም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይመጣል፣ ከዚያ እንቅልፍ። የተኛ ሰው ምልክቱን አይሰማውም።

1. ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉ። ጥቁሩ ሁሉ ፍም እስኪሆንና ግራጫ አመድ እስኪለብስ አይግባ። ሲቀጣጠል የሚወጣው መርዝ ብዙ ነውና ይህ ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም።
2. ሰው ነቅቶ በሚቀመጥበት፣ ባልተደፈነ ክፍል ብቻ አስገቡ። ትይዩ የሆኑ ሁለት ቦታዎች፣ በርና መስኮት፣ ቢያንስ አንድ ጭብጥ ያህል ክፍት ይሁኑ። አንዱ ብቻ ሲከፈት አየሩ አይዘዋወርም።
3. አዲስ ከሰል መጨመር ካስፈለገ ማንደጃውን ወደ ደጅ አውጥታችሁ ጨምሩ።
4. ማንም ሳይተኛ ማንደጃው ይውጣ። የተኛ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ባለችበት ክፍል ከመጀመሪያውም አይግባ።
5. እሳት ዳፍኖ ማደር ካለ ደጅ ወይም ራሱን በቻለ ማድ ቤት ይሁን። አመድ የለበሰ ፍም አየር ስለሚያንሰው ቀስ ብሎ እየነደደ ሌሊቱን ሙሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጭስ የለውምና ሰው የጠፋ ይመስለዋል።

ክፍሉ ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ራሱን ካመመው ምክንያቱን ውስጥ ሆናችሁ አትፈልጉ። በሩን ክፈቱ፣ ሁሉም ይውጣ፣ ራሱን የሳተ ካለ ጎትታችሁ አውጡና ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱ። ወተት ማጠጣት መርዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ማንኛውም ፈሳሽ ወደ ሳንባው ይገባል። «ንጹሕ አየር ሲያገኝ ተሻለው» ብላችሁም አትቅሩ።

በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ

ካላችሁ ከከሰሉ ጋር አንድ ዓይነት ሕግ ያዙ፦ ክፍት መስኮት፣ የነቃ ሰው፣ ከመኝታ በፊት ማጥፋት። በየጊዜው የቱቦውን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያመልጣል። ለቤት ውስጥ የተሠሩት ኦክስጅን ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው። አየሩ ስስ በሆነበት፣ ከ2100 ሜትር በላይ፣ ይህ መቆጣጠሪያ ያለ ችግርም እያጠፋ ሊያስቸግር ይችላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ደህና የሠራው ማሞቂያ ደሴ ሲመጣ በየደቂቃው የሚጠፋው ለዚህ ሊሆን ይችላል። መቆጣጠሪያውን የሚያልፍ ሽቦ የሚቀጥልላችሁ ባለሙያ ታገኙ ይሆናል። አትፍቀዱለት። ማሞቂያውን መልሱና በኤሌክትሪክ ተጠቀሙ።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- «ቶሎ እንዲሞቅ» ብሎ ቴርሞስታቱን 30 ላይ መተው። ሂተሩ ያለው ኃይል አንድ ነው፤ 18 ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አይቀንስም፣ 18 ሲደርስ ግን አያቆምም።
- «ደጋግሞ ማብራት ይበልጥ ይበላል» ብሎ ሰው በሌለበት ቀኑን ሙሉ ማብራት። የሞቀ ቤት በየሰዓቱ ሙቀት ያጣል፤ የቀዘቀዘው የሚያጣው ያነሰ ነው። ስትወጡ አጥፉ።
- ማንደጃው አጠገብ ውሃ ማስቀመጥ። ካርቦን ሞኖክሳይድ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ነው፤ ውሃው ምንም አይስብላችሁም።
- ዓመቱን ሙሉ አልጋ ሥር የተቀመጠን ነፋሽ ሂተር ሳያጸዱ ማብራት። ነቅላችሁ በደረቅ ብሩሽ አቧራውን አውጡ። መጀመሪያ ሲበራ ለጥቂት ደቂቃ የአቧራ ሽታ ቢኖር ያልፋል፤ የፕላስቲክ ሽታ ከሆነ ንቀሉ።
- የስፖንጅ ጥብጣቡን አንድ ጊዜ ለጥፎ መርሳት። በፀሐይና በዝናብ ይደርቃል፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ በጣት ጫን በሉት፣ ተመልሶ ካልተነሳ ቀይሩ።

ኮምቦልቻ ላላችሁ

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትሉ አየሩ በአራት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ለእናንተ ደረጃ 3 ብቻ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ሂተር ካስፈለገም ለታኅሣሥና ለጥር ሌሊት 1000 ዋት በቂ ነው። የሽቦውና የከሰሉ ማስጠንቀቂያ ግን አንድም ሳይቀነስ ለእናንተም ነው።